የ41 ዓመት ወንድሜ ሃርት አታክ ያዘው፤ ሰው ሁሉ «ጫት ነው» ይላል፤ የደሙ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ያሳያል (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ከድሬ በደወሌ በኩል ጅቡቲ ከባድ መኪና ይነዳል። ባለፈው ወር ሲመለስ መንገድ ላይ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፣ ግራ እጁ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀው። መሪውን ተቀብሎ ያደረሰው ረዳቱ ነው። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳ፣ ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒኑ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሃርት አታክ ነው ተባልን። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ አንጂዮግራፊ (የልብ ደም ሥሮች ምስል) ተሠራለት። የልቡ ደም ሥሮች ስብ አልጋገረባቸውም፤ አንደኛው ላይ ግን የረጋ ደም አለ አሉን። መድኃኒት ሰጥተው ሸኙት።

ስኳር የለበትም። ግፊቱ ደህና ነው። ሲጋራ አያጨስም። ጫት ይቅማል፤ የሌሊት ሹፌር ነው፣ አልደብቅም። ስለዚህ ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ «ጫቱ ነው» ብሎ ይነሳል። እኔ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ግን ሲቢሲው (የደም ሴሎች ቆጠራው) ላይ ሂሞግሎቢን 19.4፣ ሄማቶክሪት (ከደሙ የቀይ ሴሉ ድርሻ በመቶኛ) 58፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 690 ሺህ፣ ነጭ የደም ሴል 14 ሺህ ይላል። ሁሉም አጠገባቸው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የተመረመረበት ወረቀትም ቤት ተገኘ፤ ያኔም ሂሞግሎቢኑ 18.6 ነበር። ክሊኒኩ «ደምህ ሙሉ ነው» ብሎ ነው የሸኘው።

ጥያቄዬ፦ የልብ ደም ሥር ሳይበላሽ ደሙ ራሱ ሃርት አታክ ሊያመጣ ይችላል? የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።

ሳቢያን 02
አላህ ይማረው ወንድሜ። ግን አቦ፣ ጫቱን በቀላሉ አትለፈው። ሰፈራችን ውስጥ በርጫ ላይ እንዳለ ልቡን ይዞት የሞተ ጎረቤት አለን፣ ገና ጎልማሳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቅሞ፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ መሪ ላይ የሚቀመጥ ሰው ልቡ እንዴት ይችላል? መጀመሪያ ጫቱን ያቁም፣ ሌላው ከዚያ ይታያል።

ላብራቶሪ ሐረር
ሐረር ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የላክኸውን ቁጥር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሂሞግሎቢን ብቻ ከፍ ቢል ኖሮ ብዙ ተራ ምክንያት አለው። የድሬ ሙቀት ውስጥ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው የደሙ ውሃ ይቀንስና ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ተቅማጥም፣ የሚያሸና መድኃኒትም እንደዚያ ያደርጋል። የሚያጨስ ሰው፣ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰውም ከፍ ይላል። ወንድምህ ላይ ግን ቀዩም፣ ነጩም፣ ፕላትሌቱም አብረው ነው የጨመሩት፤ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊትም ነበረ። ይህ የውሃ ጥም ጉዳይ አይመስልም። የደም ማምረቻው፣ ማለትም መቅኔው፣ ላይ ያለ ነገር ነው የሚመስለው።

እስቲ ጠይቀው፦ ገላውን ከታጠበ በኋላ ያሳክከዋል? የእጁና የእግሩ ጣቶች እየቀሉ ያቃጥሉታል? ፊቱስ? በግራ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ክብደት ይሰማዋል?

የከዚራ ልጅ
ወላሂ ሳነብልህ ነው ደንግጬ የተነሳሁት። ማሳከኩ ዓመታት አልፎታል። በተለይ በሞቀ ውሃ ከታጠበ ሽፍታ ሳይኖረው ቆዳውን እስኪልጥ ያካል። እኛ የድሬ ውሃ ነው ብለን ትተነው ነበር፤ ውሃችን ጀበናውን ሁሉ ነጭ አድርጎ የሚጋግር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳሙና ለውጧል፣ ቅባት ተቀብቷል፣ ምንም የለም። ፊቱ ቀይ ነው፤ ጓደኞቹ በፀሐይ ነው ይላሉ። የእግሩን ጣቶች እንደ ፍም ያቃጥለኛል ብሎ ሌሊት በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል። ራስ ምታቱ ደግሞ የማይለቀው ነው። ስለ ጎኑ ጠይቄው «ትንሽ እንጀራ በልቼ ቶሎ እጠግባለሁ» አለኝ።

ውስጥ ደዌ
የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሰው ሳላይ በጽሑፍ ምርመራ አልሰጥም፤ ግን እዚህ የተጻፈው አንድ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በሽታ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ነው። ብዙ ሰው ስሙን ስላልሰማው ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የመቅኔ በሽታ ነው። መቅኔ ቀይ የደም ሴል የሚያመርተው ከኩላሊት በሚመጣ ኢሪትሮፖይቲን በሚባል ሆርሞን ታዝዞ ነው። ደም ሲያንስ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ ሲበቃ ይቀንሳል። በዚህ በሽታ ጃክ ቱ የተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ይፈጠርና ሴሎቹ ትእዛዝ ሳይጠብቁ መራባት ይጀምራሉ። በሽታውን መጀመሪያ በእ.ኤ.አ. 1892 የጻፈው ፈረንሳዊው ቫኬ ነው፤ ከዚያ በ1903 ኦስለር አስፍቶ ገለጸው። የጃክ ቱ ለውጥ የታወቀው ግን በ2005 ነው። ከታማሚዎቹ ከመቶ 95 በሚሆኑት ላይ ይገኛል።

ወደ ልብ የሚያደርሰው እንዲህ ነው። ቀይ ሴሉ ሲበዛ ደም ይወፍራል፣ በትንንሽ ሥሮች ውስጥ ይዘገያል። ጉዳቱ ግን ውፍረት ብቻ አይደለም። ከዚያ መቅኔ የሚወጡት ነጭ ሴሎችና ፕላትሌቶች ሳይነኩ የሚነሳሱ ናቸው፤ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ስለዚህ ስብ ባልጋገረበት የልብ ደም ሥር ውስጥ እንኳ ደም ሊረጋ ይችላል። አንጂዮግራፊው ላይ ያያችሁት ከዚህ ጋር ይስማማል። ብዙ ታማሚ በሽታውን የሚያውቀው ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ከያዘው በኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ሲጠየቅ ማሳከኩም ራስ ምታቱም ቀድሞ ነበረ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው መስፈርት ለወንድ ሂሞግሎቢን ከ16.5 በላይ ወይም ሄማቶክሪት ከ49 በላይ፣ ለሴት ከ16 ወይም ከ48 በላይ ሲሆን መመርመር ይጀመር ይላል። 19.4 ከዚያ በጣም የራቀ ነው።

አሁን የሚያስፈልጉት፦ ውሃ በደንብ ጠጥቶ ሲቢሲው ይደገም፣ የደም ፊልም በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ የኢሪትሮፖይቲን መጠን ይለካ (በዚህ በሽታ ዝቅ ይላል)፣ የሆድ አልትራሳውንድ ለጣፊያውና ለኩላሊቱ፣ ከዚያ ጃክ ቱ። የደም ስፔሻሊስት ማየት አለበት። ጃክ ቱ እስኪመጣ ተብሎ ግን ሄማቶክሪት 58 ይዞ ሃርት አታክ ያለፈበት ሰው ቁጭ ማለት የለበትም፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው።

ሳቢያን 02 ያለው ስህተት አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ደም ሥርንም ሊያኮማትር ይችላል። በየመን በ2005 የታተመ ጥናትም ጫትን ከሃርት አታክ ጋር አያይዞታል። ጫቱ ይቁም። ነገር ግን ጫት ፕላትሌትን 690 ሺህ አያደርስም። እዚህ አገራችን ውስጥ የሚያስቆጨኝ ይኸው ነው፦ «ጫት ነው» ከተባለ በኋላ ሁለተኛ ምክንያት የሚፈልግ የለም።

ከቁልቢ
ዶክተር፣ እኛ ደገኞቹ ደማችን ወፍራም ነው ሲባል እሰማለሁ። ልጁ ሐረር ወይም ቁልቢ አካባቢ ያደገ ከሆነ ከፍታው አይሆንም?

ውስጥ ደዌ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ 19 አይደረስም። እንዲያውም የኢትዮጵያ ደገኛ በሳይንስ የታወቀበት ነገር አለ፦ በ2002 የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ የወንዶቹን ሂሞግሎቢን በአማካይ 15.9 አግኝቷል፤ ይህ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። በዚያው ከፍታ የአንዲስ ሰዎች ደማቸው ይበዛል፣ የእኛ አይበዛም። ስለዚህ በእኛ አገር «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ከፍ ያለ ሂሞግሎቢንን ማለፍ ጭራሽ አያስኬድም።

እውነቱን እንነጋገር
ይቅርታ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ደረቱን ባመመው ቁጥር ጃክ ቱ ካልተሠራልኝ ሊል ነው። የእኛ ሕዝብ ልቡን የሚገድለው ያልታከመ ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ነው። ለግፊት መድኃኒት ገንዘብ ያጣ ሰው ባለበት ከተማ ስለ ብርቅ በሽታ ማውራት ሰውን ከዋናው ነገር ያስታል። አባቴን ያጣሁት ግፊቱን ማንም ሳይለካለት ነው።

ውስጥ ደዌ
ነፍስ ይማር። የምትለው ልክ ነው፤ ብዙውን ሃርት አታክ የሚያመጣው እሱ ነው፣ ማንም ጃክ ቱን ከግፊት መለኪያ አያስቀድምም። እኔ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሌለውን ነገር ነው፦ ሲቢሲ ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ ለወንድምየውም ተሠርቶለት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀስት ማንበብ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም።

ደም ውስጥ ያለ ምክንያት የሚጠረጠረው እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው፦ ወጣት ሆኖ፣ የተለመደው ምክንያት ሳይኖረው፣ አንጂዮግራፊው ንጹሕ ሆኖ ወይም የረጋ ደም ብቻ ተገኝቶ፣ ወይም ሲቢሲው ከፍ ወይም በጣም ዝቅ ብሎ፣ ወይም ከዚህ በፊት እግሩ ላይ ደም ረግቶበት፣ ወይም እናት ሆና ተደጋጋሚ ውርጃ ደርሶባት።

የጁገል እናት
ዶክተር የመጨረሻውን ሲጽፉ እኔን የጻፉ መሰለኝ። ስለዚህ ልናገር፣ ለአንዲት እህት ይጠቅም ይሆናል።

ሐረር ጁገል ነው የምኖረው። ካገባሁ በኋላ ፅንስ አልጸና አለኝ። ከአራት ወር በኋላ ሁሉ ወርዶብኛል። ዘመድ አዝማድ ያላለው የለም፤ ዓይን ነው ተባለ፣ ቁርአን ተቀራልኝ፣ አልሀምዱሊላህ ልቤ ተጽናናበት፣ ሕመሙ ግን አልቆመም። ከዚያ አንድ እግሬ አብጦ ደም ረግቷል ተባልኩ። መድኃኒት ለጥቂት ወራት ወስጄ ተወኝ ብዬ ተውኩት፤ ቀጥይ ያለኝም አልነበረም። በ34 ዓመቴ ልቤ ያዘኝ። ሴት ነሽ፣ ወጣት ነሽ፣ ጨጓራ ነው ብለው ከአንድ ጤና ተቋም መልሰውኛል። ማታውኑ ባሰብኝ፤ ሌላ ቦታ ኢሲጂ ሲነሳ ነው የታወቀው።

ያዳነችኝ አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ቁጭ አለችና ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠየቀችኝ፤ ውርጃውን፣ እግሬን፣ ልቤን አንድ ወረቀት ላይ ጻፈችው። «እነዚህ አንድ በሽታ ናቸው» አለችኝ። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ነው። ሰውነቴ ራሱ ደሜን የሚያረጋ አንቲቦዲ ይሠራል። ምርመራው አንዴ ብቻ አይበቃም፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ነው የሚረጋገጠው። ዛሬ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፣ አይኤንአሬን (ደሜ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ) እየተለካሁ። ጎመን የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚነካ የምበላውን መጠን አላዘበራርቅም፤ የፋርማሲ ሰውም ሆነ ጎረቤት የሰጠኝን የሕመም ማስታገሻ አልነካም።

እህቶቼ፣ ተደጋጋሚ ውርጃ ካለባችሁ ለማህፀን ሐኪማችሁ ይህን በሽታ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ልብ ሳይነካ የሚያዝ ነገር ነው።

ውስጥ ደዌ
እህቴ፣ እጅግ በደንብ ነው ያስረዳሽው። ጥቂት ልጨምር። ይህን በሽታ በእ.ኤ.አ. 1983 ለይቶ የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ግራሃም ሂዩዝ ነው። ሉፐስ ከተባለው፣ ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃበት በሽታ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል፣ ብቻውንም ይመጣል። ለደም ማቅጠኛ ተብለው የመጡት አዳዲስ ክኒኖች፣ እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉት፣ በሽታው የሚለይባቸው ሦስቱም አንቲቦዲዎች ላሉበት ሰው ዋርፋሪንን አይተኩም፤ በ2018 የወጣ ጥናት ሪቫሮክሳባን የወሰዱት ላይ ስትሮክና ሃርት አታክ ስለበዛ ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። ደግሞ ዋርፋሪን ፅንስን ይጎዳል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ በእርግዝና ጊዜ በሄፓሪን መርፌና በአነስተኛ አስፒሪን ይተካል፣ በዚያ ልጅ አቅፈው የወጡ ብዙ ናቸው።

ሲስተር ድሬ
እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ልንገራችሁ፤ ፕላትሌቱ አንሶ ደም የሚረጋበት አለ። ዎርድ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ቆዳዋ ላይ ነጠብጣብ ወጥቶ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ንግግሯ ተዘበራርቆ ተኝታ አይቻለሁ። ቤተሰብ ወባ ነው ብሎ ነበር፣ ወባው ኔጌቲቭ ነው። ፕላትሌቷ 12 ሺህ፣ ትሮፖኒኗ ደግሞ ከፍ ያለ። ቲቲፒ ይባላል።

ውስጥ ደዌ
አመሰግናለሁ ሲስተር። በዚህ በሽታ አዳምቲኤስ 13 የተባለ ኢንዛይም ይጠፋል፤ ፕላትሌቶቹ ትንንሾቹ ሥሮች ውስጥ እየተያያዙ ያልቃሉ፣ ለዚህ ነው ቁጥራቸው ያነሰው። በ1924 ሞሽኮዊትዝ መጀመሪያ የጻፋት የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሞተች በኋላ ሲታይ የልቧ ትንንሽ ሥሮች በረጋ ደም ተደፍነው ነበር። ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሳይለወጥላቸው ከ10 ታማሚ 9ኙ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ፕላትሌት አንሷል ተብሎ በችኮላ ፕላትሌት አይሰጥም፤ የደም ፊልም ላይ የተሰባበሩ ቀይ ሴሎች አሉ ወይ ብሎ ማየት፣ ካሉ በዚያው ቀን ወደሚታከምበት ማስተላለፍ ነው።

የገንደ ቆሬ አጎት
አንድ ጥያቄ አለኝ። ደሙ ከበዛ ዋግምት አይበቃውም? እኛ ጋ የሚያደርጉ አሉ። ወይ ደግሞ ለደም ባንክ ይስጥ፣ ሰውም ይድንበታል።

ውስጥ ደዌ
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ከሕክምናው ጋር ይገናኛል፤ የፖሊሳይቴሚያ ቬራ መጀመሪያ ሕክምና ደም መቀነስ ነው። በመርፌና በከረጢት፣ እየተለካ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ይቀዳል፤ ልቡን ለታመመ ሰው ደግሞ በትንሽ በትንሹ። ዋግምት የሚያወጣው ትንሽ ነው፣ መጠኑም አይታወቅም፣ ምላጩ ለሄፓታይተስና ለኤችአይቪ ያጋልጣል፤ ፕላትሌት እንዳይያያዝ የሚያደርጉትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። የተቀዳውን ለሌላ ሰው መስጠትም አይፈቀድም፣ ሴሎቹ ከታመመ መቅኔ የወጡ ናቸውና።

ግቡ ሄማቶክሪትን ከ45 በታች ማድረግ ነው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ 365 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከ45 እስከ 50 መካከል የተተዉት ከ45 በታች ከተደረጉት ይልቅ በልብና በደም ሥር መሞትና ከባድ የደም መርጋት አራት እጥፍ ያህል ደርሶባቸዋል። አነስተኛ አስፒሪን ደግሞ በ2004 በወጣ ሌላ ጥናት ጠቃሚነቱ ታይቷል። ሃርት አታክ የያዘው ሰው በእነዚህ ላይ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል የመቅኔውን ምርት የሚቀንስ ክኒን ይጨመርለታል።

የከዚራ ልጅ
ሰላም። ከዘገየሁ ይቅርታ፣ ሩጫ ላይ ነበርን። ሲቢሲው ተደግሞ ሄማቶክሪቱ 57 ነው። አልትራሳውንዱ ጣፊያው እንዳደገ አሳየ። ኢሪትሮፖይቲኑ ዝቅ ያለ ነው። ጃክ ቱ አዲስ አበባ ተቀድቶ ውጪ አገር ተልኮ ውጤቱ መጣ፤ ፖዘቲቭ ነው። ደም መቀዳት ተጀምሯል። ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ «ራሴ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሳ» አለኝ። ላብራቶሪ ሐረር፣ ወንድሜ፣ ያችን የማሳከክ ጥያቄ ባትጠይቀኝ ኖሮ እስካሁን ሳሙና እንለውጥ ነበር። እግዜር ይስጥህ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እናታችን ደሙ ሲቀዳ አላስችላት ብሎ በየቀኑ ጉበትና ቀይ ሥር ታበላዋለች፣ የአይረን ክኒንም ገዝታለታለች። ሁለተኛ፣ ሦስት ልጆች አሉት፤ ይወርሱታል ወይ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

ውስጥ ደዌ
እናታችሁን በእርጋታ አስረዷት፤ ልጇን ለማዳን ነው የምትደክመው። አይረን ክኒኑን ግን አይውሰድ። ደም ሲቀዳ አይረን ይቀንሳል፣ ያ ደግሞ መቅኔው እንዳያመርት ይይዘዋል፤ አይረን መስጠት በዚያኛው በኩል እሳት መጨመር ነው። ከስፔሻሊስቱ ትእዛዝ ውጪ አይሆንም። የተለመደ ምግቡን ይብላ።

ልጆቹን በተመለከተ፦ የጃክ ቱ ለውጥ ሲወለድ ይዞት የመጣ ሳይሆን በዕድሜው መካከል አንድ የመቅኔ ሴል ላይ የተፈጠረ ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ዝንባሌው ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ልጆቹን አሁን መመርመር አያስፈልግም። ይተኛ።

ወደ መሪ የሚመለሰው የልብ ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ሲመለስም በደወሌ ሙቀት ውሃ ሳይዝ አይውጣ፣ ብዙ ሰዓት ሳይወርድ አይቀመጥ። ረመዳን የሚጾም ከሆነ ወሩ ሳይገባ ሐኪሙን ያነጋግር።

ታይዋን ሱቅ
ይህን ክር አንብቤ የራሴን የቆየ ሲቢሲ ፈልጌ አወጣሁ። ፕላትሌት 1 ሚሊዮን 240 ሺህ ይላል። ሂሞግሎቢን 14 ነው። አንዳንዴ ድዴ ይደማል። አስፒሪን ከዛሬ ልጀምር?

ውስጥ ደዌ
አትጀምር። ፕላትሌት ከአንድ ሚሊዮን ሲያልፍ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቮን ዊለብራንድ የተባለው ፕሮቲን ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔ አስፒሪን ያደማሃል፣ ድድህም ምልክት እየሰጠህ ይሆናል። ሲቢሲውን ነገ አስደግም፣ ከአይረን ምርመራ ጋር፤ የአይረን እጥረትና ኢንፌክሽንም ፕላትሌት ያበዛሉ። ድሮውን ወረቀት ከአዲሱ ጋር ይዘህ ሐኪም ፊት ቅረብ። ደረትህን ካመመህ ወይም አንድ ጎንህ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ላብራቶሪ ሐረር
ታይዋን ሱቅ፣ ስታስደግም የደም ፊልም እንዲታይልህ ጠይቅ። ማሽኑ አንዳንዴ የተሰባበሩ ቀይ ሴሎችን ፕላትሌት ብሎ ይቆጥራል።